«ኬሞ ልጀምር 12 ቀን ቀረኝ፤ ልጄ ግን ጡት አልተወም»

ዛሬ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ብቻ ይዘን ቀርበናል። ሌሎቻችሁ ትንሽ ታገሱን። የዚች እህታችን ጉዳይ ወረፋ የሚጠብቅ አይደለም፤ ቀኗ ተቆርጧል። ደብዳቤዋን አሳጥረን እነሆ፦

«የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነኝ። ልጄ 11 ወሩ ነው። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ከወለድኩ ከጥቂት ወራት በኋላ አንገቴ ሥር ንፍፊት ወጣብኝ። አያመኝም። ግን ሌሊት ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልበኛል፤ ከሳሁም። ሰው ሁሉ ‹አራስ ስለነበርሽ ነው› አለኝ። በኋላ አንድ ክሊኒክ ‹የንፍፊት ቲቢ ነው› ብሎኝ 4 ወር መድኃኒት ዋጥኩ። ንፍፊቱ አልጠፋም፤ እንዲያውም ብብቴ ሥር ሌላ ተጨመረ። በመጨረሻ ናሙና ተወስዶ ‹ሆጅኪንስ ሊምፎማ› የሚባል ካንሰር ነው ተባልኩ። ኬሞ በየሁለት ሳምንቱ እንደምወስድ ነግረውኛል። የመጀመሪያው የዛሬ 12 ቀን ነው።

ልጄ ጡት አልተወም፤ ሌሊት ያለ እኔ አይተኛም። ዓመት እስኪሞላው ኬሞውን ባዘገየውስ? እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፤ ደም ግፊት አለባት። እስካሁን አልነገርኳትም። ባለቤቴም ‹ተያት፣ በድንጋጤ ትሞትብሻለች› ይለኛል። አንዳንዶች ደግሞ ‹መጀመሪያ ጠበል ግቢ፣ ካልሆነ ትወጊያለሽ› ይሉኛል። ፀጉሬስ ሲረግፍ ለጎረቤት ምን እላለሁ? ገላዬም ልቤም አልተዘጋጁም። ምን ልያዝ? ምንስ ላዘጋጅ?»

«ግራ የገባኝ እናት» ነኝ ከአዲስ አበባ

ውድ እህታችን፣ ደብዳቤሽን ደጋግመን አንብበነዋል። ይህ ገጽ ሐኪም አይደለም፤ ሐኪምሽ የሚልሽን የሚሽር ቃል እዚህ አታገኚም። ሐኪም በችኮላ የሚያልፋቸው፣ ሴት ለሴት ግን ቁጭ ብላ የምትነግራት ብዙ ነገር አለ። እሱን እንነግርሻለን።

በመጀመሪያ ስለ ማዘግየቱ

መልሱ አጭር ነው፦ በራስሽ ውሳኔ አንድም ቀን አታዘግዪ! ቀን መግፋት ካለበት የሚገፋው ሐኪምሽ ነው። ሌሊት የሚያልብሽና የሚያከሳሽ በሽታው ራሱ ነው፤ ልጅሽ ዓመት እስኪሞላው ቆሞ አይጠብቅሽም።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ስሚ። «ካንሰር» ሲባል ሁሉም ሰው ሬሳ ሳጥን ነው የሚታየው። ካንሰር ግን የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ የብዙ በሽታዎች የጋራ ስም ነው። ያንቺው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1832 ስለ በሽታው ከጻፈው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከቶማስ ሆጅኪን ነው። በወጣቶች ላይ ይበዛል፤ በመድኃኒት ከሚድኑት ካንሰሮችም አንዱ ነው። ሕክምናው በሚገባ በተሟላበት አገር፣ በሽታው ተስፋፍቶ የተገኘባቸው እንኳ አብዛኞቹ ይድናሉ፤ በጊዜ የተደረሰባቸው ደግሞ የበለጠ። የመዳን ዕድሉ ግን ሕክምናውን በቀኑ ጀምሮ፣ በቀኑ እየወሰዱ ከመጨረስ ጋር የተያያዘ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ይሰጥሻል የተባለው አራት መድኃኒት ተደባልቆ የሚሰጥበት፣ «ኤ.ቢ.ቪ.ዲ.» የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ይህ ቅይጥ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጣሊያን፣ ሚላኖ ውስጥ የተቀመረ ነው። ሀብታም አገሮች ዛሬ አዳዲስ መድኃኒት ቢጨምሩም እሱ አሁንም በብዙ አገር ይሠራበታል። ከአራቱ አንዱ፣ ቪንብላስቲን የሚባለው፣ ከማዳጋስካር አበባ የተገኘ ነው። «ኬሞ መርዝ ነው» ለሚሉሽ፣ ከቅጠል የመጣም እንዳለበት ንገሪያቸው።

ቲቢ ነው መባልሽ

«ያ አራት ወር ባይባክን ኖሮ» የሚል ንዴት በደብዳቤሽ ውስጥ ይታያል። ንዴትሽ እውነት ነው። ሆኖም ሁለቱ በሽታዎች በመልክ መንትያ ናቸው፦ ንፍፊት፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት። አገራችን ውስጥ ቲቢ ስለሚበዛ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። ቁርጡን የሚለየው ከንፍፊቱ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።

ይህን የምታነቡ ሌሎቻችሁም ልብ በሉ። የማያም ንፍፊት ለሳምንታት ካልጠፋ፣ መድኃኒት እየተወሰደም ካደገ ወይም ሌላ ቦታ ከወጣ፣ «ናሙና ይወሰድልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አንቺ ደግሞ የቲቢውን መድኃኒት ስምና ያቆምሽበትን ቀን ጽፈሽ ለካንሰር ሐኪምሽ አሳዪ። አንዳንዱ የቲቢ መድኃኒት ሌላውን መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያዳክማል።

ጡት ማስጣል፦ ከዛሬ ጀምሮ

ኬሞ እየተወሰደ ማጥባት አይቻልም። መድኃኒቱ በወተቱ አልፎ ለሕፃኑ ይደርሳል። ስለዚህ 12 ቀንሽን ተጠቀሚባቸው። በአንድ ሌሊት ቆርጠሽ ከተውሽው ጡትሽ ይወጠራል፣ ያብጣል፣ ሊያመረቅዝም ይችላል። በቁስል ኬሞ መጀመር ደግሞ አይሆንም።

በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ የማጥቢያ ሰዓት ቀንሺ። መጀመሪያ የቀኑን፣ በመጨረሻ የሌሊቱን። በቀነስሽው ሰዓት ልጁ ሌላ ነገር ይቅረብለት፦ ገንፎ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ በርበሬ የሌለው ሽሮ ወይም ምስር፣ የተፈጨ ድንችና ሙዝ። ዓመት እስኪሞላው የዱቄት ወተት፣ ከዓመት በኋላ የፈላ የላም ወተት ይሆናል። በጡጦ ፋንታ በኩባያ ብታስለምጂው ለማጽዳት ይቀላል።

እሬት ወይም በርበሬ መቀባት የሚባለው ነገር ግን ይቅር! የተላጠ ቆዳ ለኬሞ በተዘጋጀ ሰውነት ላይ የጀርም በር ነው። ጡትሽ ከተወጠረ ሕመሙ እስኪቀልልሽ ብቻ ትንሽ እለቢው፤ ሙልጭ ካደረግሽው ወተቱ ተመልሶ ይመጣል። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ያዢበት። ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳትም ካለው ሳታድሪ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ።

የሌሊቱን ማልቀስ ግን አንቺ አትችይውም። የጡትሽን ሽታ እያሸተተ እንዴት ዝም ይላል? ሌላ ሰው ይዞት ማደር አለበት። ያ ሰው ማን ነው? ባለቤትሽ ጥቂት ሌሊት ይችላል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወሮችስ?

ወደ እናትሽ እንመለስ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እናትሽን ለደም ግፊታቸው ብለሽ ደብቀሻቸዋል። እስኪ አስቢው፦ ኬሞው ከተጀመረ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ፀጉርሽ ይረግፋል። እናትሽ ይህን ከሰው አፍ ቢሰሙት ይሻላል ወይስ ካንቺ? አንዲት ጎረቤት ደውላ «ልጅዎ ፀጉሯ ሁሉ አልቋል፣ ምን ሆነች?» ብትላቸው ግፊታቸው ያኔ አይደል የሚነሣው?

ሌላው ደግሞ ልጅሽን ማን ይያዝልሽ? ሴት ልጅ ስትወልድ እናቷ መጥታ ታርሳታለች። ይኼ ሌላ ዓይነት አራስነት ነው። እናትሽ አጠገብሽ ቢሆኑ ጡት ማስጣሉም፣ አጥሚቱም፣ ሌሊቱም መላ ያገኛል።

እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? በስልክ አይሁን። ባለቤትሽ ወይም ታላቅ የምትሉት ዘመድ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ ይዟቸው ይምጣ። የግፊት መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን አረጋግጡ። ከዚያ አንቺ ራስሽ፣ ቁጭ ብለሽ፣ ከመድኃኒቱ ጀምረሽ ንገሪያቸው፦ «እማዬ፣ ንፍፊቱ ምን እንደሆነ ታወቀ። መድኃኒት አለው። ሕክምናው ስድስት ወር ያህል ነው። አጠገቤ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ።» የካንሰርን ስም መጥራትሽ አይቀርም፤ ነገር ግን መዳኛውን አስቀድመሽ ተናግረሽ ስሙን ከኋላው አምጪው። ያለቅሳሉ። ይልቀሱ። ካለቀሱ በኋላ ልጁን ያዝላሉ።

ባለቤትሽም ይህን ሲያነብ እንዳይቀየም። ፈርቶ ነው። ወንድ ልጅ ሲፈራ «ዝም በሉ» ማለት ይወዳል። ለሱም ሥራ ስጪው፦ ካርድ ማውጣት፣ መድኃኒት ማፈላለግ፣ ቀጠሮ መጻፍ። ሥራ ያለው ሰው ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ሐኪምሽ ያላዘዘው ካለ «ይኼስ?» ብለሽ ጠይቂ።

አንደኛ የደም ምርመራ። የደም ሴል ቆጠራ፣ ጉበት፣ ኩላሊት። ኤች.አይ.ቪ. እና የጉበት ቫይረስ ምርመራም አብሮ ይታያል፤ አንቀላፍቶ የኖረ የጉበት ቫይረስ በሕክምናው ወቅት ሊነሣ ስለሚችል ነው።

ሁለተኛ ልብና ሳንባ። ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ ልብን ሌላው ሳንባን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ የሚሉት) ይታዘዛል፤ በሚቻልበት ቦታም የሳንባ አቅም ይለካል። በሕክምናው መካከል ደረቅ ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብለሽ አትለፊው፤ ተናገሪ።

ሦስተኛ እርግዝና። ብዙ እናቶች «እያጠባሁ አላረግዝም» ብለው ያምናሉ። ይህ የሚሠራው ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ጡት ብቻ እየጠባና የወር አበባ ሳይመለስ ነው። ያንቺ ልጅ 11 ወሩ ነው። ምርመራ አድርጊ። በሕክምናው ወራትም ማርገዝ የለብሽም፤ የትኛው መከላከያ እንደሚስማማሽ ሐኪሙን ጠይቂ። መድኃኒቱ በተሰጠሽ ማግስትና በሚቀጥሉት ቀናት ከባለቤትሽ ጋር ከተገናኛችሁ ኮንዶም ተጠቀሙ፤ መድኃኒቱ በሰውነት ፈሳሽ ይወጣልና።

«ሁለተኛ ልጅስ?» ብለሽ አልጠየቅሽም፤ ልብሽ ውስጥ ግን ሳይኖር አይቀርም። ይህ አራቱ መድኃኒት የሚቀየጥበት ሕክምና ከሌሎች ጠንካራ የኬሞ ዓይነቶች ጋር ሲነጻጸር ማህፀንን የማምከን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። የወር አበባ ሊዛባ ወይም ሊቆም ይችላል፤ በአብዛኛው ወጣት ሴት ላይ ይመለሳል። ታክመው ከዳኑ በኋላ የወለዱ ብዙ ናቸው። ሆኖም ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት እንጂ በኋላ አይጠየቅም። ሳታፍሪ አንሺው።

አራተኛ ጥርስ። የተበላ ጥርስ ካለሽ አሁኑኑ ታከሚው። በኬሞ ወቅት ጥርስ ማስነቀል ያለ ሐኪም ፈቃድ አይደረግም። እንጨት መፋቂያ ድድ ስለሚያደማ ለስላሳ ብሩሽ ግዢ። አፍሽ እንዳይቆስል በቀን ብዙ ጊዜ ለብ ባለ ውኃ፣ ትንሽ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ አድርገሽ ተጉመጥመጪ።

ጠበሉና ጾሙ

በሃይማኖት ጉዳይ አንዳኝም። ግን «መጀመሪያ ጠበል፣ ካልሆነ ኬሞ» የሚለው ምርጫ ማን ያወጣው ነው? ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ያንቺም ነገር ከዚህ አይለይም። ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው። ነጭ የደም ሴልሽ በሚወርድበት ጊዜ ያልፈላ ውኃ፣ ከየትም ይቀዳ፣ ሊያሳምምሽ እንደሚችል አስረጂያቸው። በቀዝቃዛ ውኃ መጠመቅና ሕዝብ መሐል መጋፋትም እንደዚያው። መረጨት፣ መጸለይ፣ መቁረብ ይቻላል። ስለ ጾሙም እሳቸው መፍትሔ ይሰጡሻል፤ ለታመመ ሰው ጾም ጸንቶ አያውቅም።

ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ «ካንሰር የሚያጠፋ ሥር» እያሉ የሚያመጡልሽ ግን ለሐኪሙ ሳይነገር ወደ አፍሽ አይግባ። ቡናሽን ግን መጠጣት ትችያለሽ፤ በልኩ።

ፀጉር

ፀጉርሽ መርገፍ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው መርፌ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አንዳንዷ ይሳሳባታል እንጂ አያልቅባትም። ትራስ ላይ በእፍኝ ስታገኚው ከምትደነግጪ፣ አሁን አሳጥረሽ ተቆረጪው።

አገራችን ውስጥ ሴት ራሷን ስትላጭ ሐዘን ነው የሚመስለው። ያየሽ ሁሉ «ማን ሞተባት?» ይላል። ስለዚህ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ለሠፈር ሰው ሁሉ ሐተታ አያስፈልግም፤ አንዲት የምታምኚያት ጎረቤት ትበቃለች፦ «ሕክምና ላይ ነኝ፣ መድኃኒቱ ፀጉር ያረግፋል፣ ይመለሳል» በያት። እሷ ታዳርስልሻለች! ሻሽ፣ ዊግ፣ ነጠላ፣ የሚመችሽን አዘጋጂ። ለስላሳ የጥጥ ሻሽ ራስን አያሳክክም። ዊግ ከፈለግሽ ፀጉርሽ ሳይረግፍ ብትገዢው መልኩን ለማመሳሰል ይቀልሻል። ሕክምናው ካለቀ ከጥቂት ወር በኋላ አዲሱ ይበቅላል፤ አንዳንዴም ተጠቅልሎ ይመጣል።

ልጅሽ ደግሞ ራስ ተላጭተሽ ድንገት ቢያይሽ ሊያለቅስ ይችላል። ፊቱ ሻሹን እያሰርሽና እየፈታሽ አጫውቺው፤ ይለምደዋል።

የመጀመሪያው ቀን

ቁርስ ቀለል ያለ ብዪ፤ ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ያብሳል። እጅጌው ሰፊ የሆነ ልብስ ልበሺ። ጋቢ፣ ውኃ፣ የሚበላ ነገር፣ ካርድሽን፣ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ያዢ። ሰዓታት ይወስዳልና አንድ ሰው አብሮሽ ይዋል። ልጁ ግን ቤት ይቅር።

የማቅለሽለሽ መከላከያ ይሰጥሻል። ቤት ይዘሽ የምትሄጂውን «አሁን ደህና ነኝ» ብለሽ አትተዪው፤ ማቅለሽለሹ ከመምጣቱ በፊት በሰዓቱ ነው የሚዋጠው። ከነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዱ እንቅልፍ ይነሣል፤ አንዳንዱ ሆድ ያደርቃል። ስለዚህ ውኃ፣ ፓፓያ፣ በደንብ የታጠበና የበሰለ አትክልት አብዢ።

ከመድኃኒቶቹ አንዱ እንደ ቀይ ሥር ውኃ የቀላ ነው። ያንን ቀን ወይም በማግስቱ ሽንትሽ ቢቀላ ደም አይደለም፤ እሱ ነው። ሌላኛው ደግሞ ብርሃን እንዳይነካው ተሸፍኖ ይሰቀላል፤ አትደንግጪ። አንድ ነገር ግን በፍጹም እንዳትሸሽጊ፦ መርፌው የገባበት ቦታ ከለበለበሽ፣ ካበጠ ወይም ካመመሽ ወዲያው ነርሷን ጥሪ። «አስቸገርኳቸው» አትበዪ። ቀዩ መድኃኒት ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከገባ ያቆስላል።

ቤት ስትመለሺ ልጅሽን ማቀፍ ትችያለሽ። ኬሞ በመታቀፍ አይተላለፍም። ለሁለት ቀን ያህል ግን ሽንትሽና ትውከትሽ ውስጥ መድኃኒቱ ስላለ የሚያጸዳልሽ ሰው ጓንት ያድርግ፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። የልጁ ክትባት አይቋረጥ፤ ክትባት ሲወስድ ግን አንቺ ኬሞ ላይ መሆንሽን ለጤና ባለሙያው ተናገሪ። ዳይፐር ሌላ ሰው ቢቀይርለት ይመረጣል፤ አንቺ ከቀየርሽም በደንብ ታጠቢ።

38 የምትባለዋን ቁጥር አትርሺ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቆርጠሽ ግድግዳ ላይ የምትለጥፊ ከሆነ ይኼን ይሁን። ኬሞው ከተሰጠ በኋላ፣ በተለይ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ጀርም የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። ያኔ ትኩሳት ማለት እሳት ማለት ነው። ዛሬውኑ የሙቀት መለኪያ ግዢ። ሙቀትሽ 38 ከደረሰ ወይም ብርድ ብርድ ብሎሽ ከተንቀጠቀጥሽ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። «እስኪነጋ» አይባልም። በራስሽ ፓራሲታሞል ውጠሽ አትጠብቂ፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ በሽታውን አያድነውም። በሌሊት ማን በመኪና እንደሚያደርስሽ ዛሬ ተነጋገሩ። የሕክምና ክፍሉን ስልክ ቁጥር ጠይቀሽ ባለቤትሽም እናትሽም ይያዙት።

በነዚያ ቀናት ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ከሱ የተሠራ እርጎና አይብ፣ የሆቴል ሰላጣ ይቅር። የበሰለ ሁሉ ይበላል፦ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ሾርባ፣ ቅንጬ፣ ተልጦ የሚበላ ፍራፍሬ። ብዙ መብላት ካቃተሽ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ።

አሁን ከሁሉም የሚከብደውን ልንገርሽ፤ ጠያቂው! ታመመች ሲባል ቤቱ በሰው ይሞላል። ሁሉም ይስማል። አንዱ ጉንፋን፣ ሌላው ሳል ይዞ ይመጣል። የእድሩን ሰብሳቢ በግልጽ አነጋግሩ፦ ለጥቂት ወር ለቅሶ አትደርሺም፣ ጠያቂም በር ላይ ሰላም ብሎ ይመለሳል። ይህን የሚናገረው ባለቤትሽ ይሁን። መርዳት ለሚፈልግ «ሐሙስ ሐሙስ እንጀራ» ወይም «ማክሰኞ ልጁን» እያላችሁ ድርሻ ስጡት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» አይደል?

ሥራና ገንዘብ

የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለሆንሽ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ደስ የሚለው ፈቃዱ በተከታታይ ብቻ ሳይሆን በተለያየ ጊዜም ሊወሰድ ይችላል። አቅም ካለሽ የኬሞውን ሳምንት አርፈሽ በሚቀጥለው ሳምንት ብትሠሪ ደመወዝ ያለው ፈቃድሽ ቶሎ አያልቅም። የሐኪም ወረቀት ሳትይዢ ግን አንድ ቀን እንኳ አትቅሪ።

ለሕክምናው የሚወጣውን ገንዘብም ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጠይቂ፤ የትኛው መድኃኒት ሆስፒታሉ ውስጥ እንዳለ፣ የትኛው ከውጪ እንደሚገዛ። አንዱ መድኃኒት ቢጠፋ ለማፈላለግ ጊዜ እንዲኖራችሁ ቀጣዩን ዙር ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምራችሁ ጠይቁ። ከክፍለ ሀገር የምትጽፉልን አንባቢዎችም አዲስ አበባ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ጎንደር፣ ጅማና ሐዋሳ ባሉ ከተሞች ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎችም ኬሞ ይሰጣሉ። መጀመሪያ በቅርባችሁ ያለውን ጠይቁ።

ስለ ልብሽ

«ልቤ አልተዘጋጀም» ብለሻል። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ተዘጋጅቶ የሚገባ ልብ የለም። ሰው ፈርቶም ይታከማል። መድኃኒቱ ደም ሥርሽ ውስጥ ሲገባ ፈሪ ነሽ ወይስ ደፋር ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ «ካለቀስኩ ይብስብኛል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ማልቀስ ሲመጣብሽ አልቅሺ። ቀኑን ሙሉ ካልቆመ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሣሽ፣ መኖር ካስጠላሽ ግን ለሐኪሙ ተናገሪ። ለዚያም ሕክምና አለው።

አንድ ደብተር ግዢ። የኬሞውን ቀን፣ ሙቀትሽን፣ የተሰማሽን፣ ለሐኪም የምትጠይቂውን ጻፊበት። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሁሉም ነገር ከአእምሮ ይጠፋል። ሕክምናውን የጨረሰች ሴት ካገኘሽም አነጋግሪያት፤ ክፍሉ ውስጥ አጠገብሽ ተቀምጣ ልታገኛት ትችያለሽ።

ጡት ማስጣሉ እንደ በደል ተሰምቶሽ ይሆናል። ልጅሽ 11 ወር ሙሉ ጠብቷል፤ የሚገባውን አግኝቷል። አሁን ከወተትሽ ይልቅ እናቱን ይፈልጋል። የዛሬዋን የቀትር ጡት ዝለያትና ገንፎውን ስጪው። ማታ ደግሞ ባለቤትሽን የደብረ ብርሃኑን ጉዞ አነጋግሪው። አሥራ ሁለቱ ቀን ከዚህ ነው የሚጀመረው።

ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ እንዴት እንደሆንሽ ጻፊልን፤ እንጠብቃለን። እናንተም ይህን መንገድ ያለፋችሁ እህቶች፣ የጠቀማችሁን ጻፉላትና በዚሁ ገጽ እናደርስላታለን። እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን!